በአሮጌው አድራሻ

አዴሊኖ ባጃጁን ይዞ የማይገባበት የሊዝበን መንገድ አልነበረም፤ ከአንዷ በስተቀር። አምስት ዓመት ሙሉ ጎብኚ ከኋላው ጭኖ ከወንዙ ዳር እስከ ምሽጉ ኮረብታ ሲወጣና ሲወርድ፣ አልፋማ ሰፈር ውስጥ ካለችው የምንጯ ቅያስ አጠገብ በደረሰ ቁጥር መሪውን ጠምዝዞ በሌላ በኩል ይዞራል። መንገዱ ጠቦት፣ ዳገቱ በርትቶበት አልነበረም። በዚያች ቅያስ ቁጥር ዘጠኝ ተወልዶ፣ ቁጥር ዘጠኝ አድጎ፣ እናቱን ከቁጥር ዘጠኝ በገዛ እጁ ስላወጣ ነው።

ያን ቀን ረቡዕ ነበር፤ ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። የቅዱስ አንቶንዮስ በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነውም የወረቀት ጌጡ ገና ከመስኮት መስኮት ተዘርግቶ፣ ቀለሙ በፀሐይ ለቆ ይንጠለጠላል። አዴሊኖ ካቴድራሉ ሥር ከሌሎች ባጃጆች ጋር ተሰልፎ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ የቢሮው መልእክት መጣ። ሁለት ሰዎች፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የግል ጉብኝት፣ ስምንት ሰዓት ላይ። መነሻ፦ የምንጯ ቅያስ፣ ቁጥር ዘጠኝ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከፊቱ ወደቆመው ባጃጅ ሄደ። ባለቤቱ ቫልዴማር የአሳማ ጥብስ የሞላበት ዳቦ እየገመጠ ነበር።

“ቫልዴማር፣ ይቺን ውሰድልኝ። ቀጣይ ያንተን እኔ እወስዳለሁ።”

ቫልዴማር ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለውና ሳቀ። “የራስህ ቤት ነው እንዴ! ሰው ከገዛ ቤቱ ይሸሻል?”

“ቤቴ አይደለም አሁን። የእንግዳ ማረፊያ ነው።”

“ለቱሪስቱ ግን ‘ቤቴ እዚችው ናት፣ ከዚያ መስኮት ጀርባ’ ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“እሱ ለሥራ ነው።”

“ለሥራ ከሆነ ሂዳ! ደግሞ የአልፋማ ልጅ ይሁንልን ነው ያሉት። እኔ ተወልጄ ወንዝ ማዶ፣ አንተ ተሰደህ ወንዝ ማዶ፤ ማታ በአንድ ጀልባ ነው የምንሻገረው። ልዩነታችን አንተ መዋሸት መቻልህ ነው።” ዳቦውን መልሶ ገመጠ። “አይዞህ፣ ግድግዳው አይናከስም።”

አዴሊኖ ሌላ የሚለምነው ሰው አጣ። ባጃጁን አስነስቶ ወረደ።

ግድግዳው ሳይሆን የሚናከሰው ትዝታው ነው። እናቱ ዶና ፊሎሜና ቁጥር ዘጠኝ ሰባ አንድ ዓመት ኖራለች። ሕንጻው ተሸጦ አዲሱ ባለቤት ተከራዮቹን ሲያሰናብት፣ ሌሎቹ አንድ ባንድ ወጡ፤ እሷ እምቢ አለች። “እኔ የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው” እያለች አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ተቀመጠች። በመጨረሻ የታከተው አዴሊኖ ነው። የጠበቃው ደብዳቤ ታከተው፤ የሦስት ፎቅ ደረጃ ተሸክሟት መውጣት ታከተው። አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ጣቶቿ መሃል አደረገላት። ፈረመች። ወንዝ ማዶ አሳንሰር ያለው፣ ውሃ የማያፈስ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቤት ተከራየላት። እዚያ ስምንት ወር ኖራ ሞተች።

ከመሞቷ በፊት የለመነችው አንድ ነገር ነበር። “ሰው ማዶ ሞተች አይበል። መዝገቡ ላይ የአልፋማ ሴት ሆኜ ልቀበር።” ስለዚህ የቀብሩን ፎርም ሲሞላ፣ አድራሻ በሚለው ቦታ፣ ለሟችም ለቤተሰብም፣ የምንጯ ቅያስ ቁጥር ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ተጸለየላት፤ የአልፋማ ሰው በሚቀበርበት በምሥራቁ ኮረብታ መቃብር ተቀበረች። ቢያንስ ይህቺን አደረግሁላት ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር።

ግን የቤተሰብ መቃብር ለሌለው ድሃ መሬቱም የሚሰጠው በውሰት ነው። ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ይከፈትና አጽሙ ተለቅሞ በትንሽ ሣጥን ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ቦታው ለሌላ ሟች ይለቀቃል። ያን ቀን ቤተሰብ መገኘት አለበት። ማንም ካልመጣ አጽሙ እንደተተወ ተቆጥሮ ስም ወደሌለው የጋራ ጉድጓድ ይሄዳል። አዴሊኖ ይህን ያውቃል፤ አራት ዓመት አልፏልና ደብዳቤ ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነበር። እንዲያውም ማታ ማታ ባጃጁን ቻርጅ የሚሰካበት ጋራዥ ከመቃብሩ በር ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ ነው። በቀን ሁለቴ በበሩ ያልፋል። ሲያልፍ ያማትባል፤ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በቀር ግን አይገባም። ደብዳቤው ይመጣል ብሎ ይጠብቃል እንጂ በየትኛው በር እንደሚገባ አንድም ቀን አላሰበም።

ቅያሷ ከምንጩ በላይ ደረጃ ስለሆነች ባጃጅ ከዚያ አያልፍም። ከሥር ምንጩ አጠገብ ቆመ፤ ቀና ብሎም አላየ። ሁለት አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ። ፊት የምትመጣው አጭርና ቀጥ ያለች፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፤ የኋለኛዋ ረጅም፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች።

“አዴሊኖ ነኝ” አለ ከባጃጁ ወርዶ። “የአልፋማ ልጅ።”

“ሄርሚኒያ። ይቺ እህቴ ኪቴሪያ ናት፤ ብዙ አታወራም፣ የሷን ድርሻ ጭምር እኔ ነኝ የማወራው። ከፖርቶ ነን።”

“ከፖርቶ! ጨጓራ በሎቹ መጡ በሉኛ!”

“እናንተስ ሰላጣ በሎቹ! ጨጓራ ጉልበት ይሰጣል ልጄ። ሰላጣ ምን ይሰጣል?”

የሁለቱ ከተሞች ሰዎች ሲቀላለዱ የሚጠራሩበት ስም ነው። አዴሊኖ ሳያስበው ሳቀ። ደግፎ አሳፈራቸውና ዳገቱን ጀመረ።

ካቴድራሉ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ስለ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ሻማ ይነድ ነበር፣ ከዚያ መሬት ተናወጠች፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ባሕሩ…

“ይህን አራተኛ ክፍል ተምረነዋል” አለች ዶና ሄርሚኒያ። “የተማርከውን ተውና ስትኖር ያየኸውን ንገረን። የት ነው የምትኖረው?”

“እዚሁ ነው። ከእናንተ ማረፊያ ብዙም አይርቅም።” አፉ ራሱ ተናገረው። አምስት ዓመት ሲለው የኖረ ነገር ስለሆነ ከጉሮሮው አልታገለም።

ጠባቧን መንገድ ዞሮ ከአንድ አረንጓዴ በር ፊት ቀስ አለ። “ይቺ የዶና ኤቴልቪና በር ናት። በሯ ላይ ተቀምጣ የቼሪ አረቄ ትሸጣለች፣ ራሷ የምታወጣው። ብትቀምሱት! ዛሬ ግን ትንሽ አሟታል።”

“ምን አሟት?”

“እ… ጉልበቷን።”

“ጉልበቱን የታመመ ሰው ተቀምጦ መሸጥ ያቅተዋል?”

ኪቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ በእጇ አፏን ሸፍና። አዴሊኖ ጆሮው ጋለ። ኤቴልቪና ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ የቁልፍ ሣጥን እንግዶች በምስጢር ቁጥር የሚከፍቷት ናት። ይህንን ለጎብኚ ምን ብሎ ይነግራል? በየቀኑ ‘ዛሬ አሟታል’ ይላል፤ ሰው ‘ይማራት’ ይልና ያልፋል። ምን አሟት ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከፍታው ላይ ቆሙ። ከሥራቸው ቀይ ጣሪያው ተነባብሮ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነጭ ብረት መስሏል። ሰው ሁሉ ወደዚያ ያያል። ዶና ሄርሚኒያ ግን የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ደብዳቤ አወጣች።

“እንግዲህ የሰፈሩ ልጅ ነኝ ካልክ፣ እስቲ እርዳኝ። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፖስታ ቤት ነው የሠራሁት። ማረፊያችን ደረጃው ሥር ጥግ ላይ የተጣለ ደብዳቤ ክምር አየሁ። የምታጸዳዋን ልጅ ብጠይቃት ‘የማንም አይደለም፣ ልጥለው ነው’ አለችኝ። የማንም አይደለም የሚባል ደብዳቤ የለም! ደብዳቤ ከተጻፈ ባለቤት አለው። ትሪንዳዴ የሚባሉ ሰዎች ታውቃለህ?”

የአዴሊኖ የቤተሰብ ስም ትሪንዳዴ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ባጅ ግን አዴሊኖ ብቻ ይላል።

“አይ” አለ። “አላውቃቸውም።”

“ቁጥር ዘጠኝ የነበሩ?”

“ሰፈሩ ሰው ተለዋውጦበታል ዶና ሄርሚኒያ። ማን ማንን ያውቃል።”

“አሁን ‘እዚሁ ነው የምኖረው’ አላልክም?”

“ብዙ ሰው ነው የነበረው” አለና ወደ መሪው ተመለሰ። የጠበቃው ደብዳቤ ነው ብሎ አሰበ፤ ወይም ያረጀ የመብራት ክፍያ። ከዚያ ቤት ጥሩ ነገር መጥቶ አያውቅም። አሁን እኔ ነኝ ቢል ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ ‘ታዲያ የት ነው የምትኖረው?’ ነው፤ ከዚያ ‘እናትህን ለምን አወጣሃት?’ ይመጣል። ባጃጁ ከከፍታው ወርዶ ወደ ቀጣዩ ኮረብታ ዳገት ጀመረ። በስፖኪዮው ያያታል፤ መነጽሯን አድርጋ ኤንቨሎፖቹን አንድ ባንድ እያገላበጠች ለእህቷ ትነግራለች።

“ይኼ የስልክ ድርጅት ነው። ይኼም የስልክ ነው። ይኼ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ። ይኼ ግን የአደራ ደብዳቤ ነው፣ ኪቴሪያ፣ እዪ ማኅተሙን፤ ማንም ሳይፈርም ጥለውት ሄደዋል፣ ይህ በእኛ ጊዜ ከሥራ ያስባርር ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ነው። የመካነ መቃብር ክፍል።”

አዴሊኖ ፍሬን ያዘ። ባጃጁ ዳገት መሃል ቀጥ አለ፤ ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክሱን አንባረቀው።

“ምን ሆንክ ልጄ?”

ባጃጁን ወደ ጥግ አስጠጋውና ዞር አለ። እጁን ዘረጋ። “ይስጡኝ።”

“አላውቃቸውም አላልክም?”

“እኔ ነኝ። አዴሊኖ ትሪንዳዴ። ቁጥር ዘጠኝ የኛ ቤት ነበር።”

ዶና ሄርሚኒያ መነጽሯን አውልቃ አየችው። በፖስታ ቤት መስኮት እንደምታደርገው ሁሉ ኤንቨሎፑን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ዓይኑ በመስመሮቹ ላይ እየዘለለ ሄደ። የወይዘሮ ፊሎሜና ትሪንዳዴ አጽም… የመቃብር ቁጥር… ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት… ቤተሰብ ያልቀረበ እንደሆነ አጽሙ እንደተተወ ተቆጥሮ… ደብዳቤው የተጻፈው ከወር በፊት ነው።

“መቼ ነው?” አለች ሄርሚኒያ።

“ዛሬ። ዘጠኝ ሰዓት።” ስልኩን አየ። ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ነው።

“ታዲያ ምን ታየኛለህ?”

“ጉብኝታችሁ… መጀመሪያ ማረፊያችሁ ላድርሳችሁና…”

“ንዳ” አለች አንዲት ሴት። ለአፍታ ማን እንደተናገረ አልገባውም። ኪቴሪያ ናት። ድምጿ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። “እኔ የባሌን አጽም ሳስነሳ መጠቅለያ ነጭ አንሶላ ይዤ ሄድኩ። ከጎኑ ለነበረው ሰውዬ ማንም አልመጣለትም። በጋሪ ሲወስዱት አየሁ። ንዳ፣ ልጄ።”

ነዳ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ዳገት ላይ ምንኛ ቀርፋፋ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቀው። ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን የምትናገረው ቢጫ መብራት በርታለች። ከኋላ ሁለቱም ወደ ፊት ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል፤ እንደዚያ ሲሆኑ የሚፈጥን ይመስል።

ጠባቡ መንገድ ላይ ሲገቡ ቢጫው ትራም ከፊታቸው ቆሟል። አይንቀሳቀስም። ነጂው ደወሉን እየደጋገመ ይመታል፤ አንድ እቃ ጫኝ መኪና ግማሽ ጎኑን ሐዲዱ ላይ አሳርፎ፣ አራት መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ማንም ሳይኖርበት ቆሟል። በዚህ በኩል ግድግዳ፣ በዚያ በኩል ግድግዳ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሦስት መኪና ተደርድሯል።

አዴሊኖ መሪውን በቡጢ መታው። ዶና ሄርሚኒያ ግን ወርዳለች። ከትራሙ ጎን ገፍታ አልፋ ከመኪናው አጠገብ ወዳለችው ቡና ቤት ገባች። ድምጿ ውጭ ድረስ ተሰማ።

“የማን ነው ይኼ መኪና?”

“አንድ ደቂቃ እናቴ፣ ቡናዬን ልጨርስ…”

“ያንተ አንድ ደቂቃ ሰው ጉድጓድ ትከታለች! የማን ልጅ ነህ? ተነስ!”

አንድ ወጣ ያለ ሆድ ያለው ሰው ስኒውን እንደያዘ እየሮጠ ወጣ። መኪናው ተነሳ፣ ትራሙ ተነሳ፣ ተሳፋሪው በመስኮት አጨበጨበ። ዶና ሄርሚኒያ ጸጉሯን እያስተካከለች ተመለሰች። “ስኒውን ይዞባቸው ሄደ” አለች።

የመቃብሩ በር ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ዘበኛው ባጃጅ አይገባም ሲል አዴሊኖ ሞተሩን አጠፋና በእግሩ ሮጠ። መንገዱን ያውቀዋል፤ ሀብታሞቹ የተቀበሩባቸውን የእብነ በረድ ቤቶች አልፎ፣ ጽዶቹን አልፎ፣ ወደ ታች፣ ቁጥር ብቻ ወዳለባቸው መደዳዎች። ከሩቅ አየው። አፈሩ ትኩስ ነው። ጥቁርና እርጥብ አፈር፣ በአካፋ ጀርባ የተደለደለ። ቁጥሯ የተጻፈባት ቆርቆሮ በጎኗ ወድቃለች። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ መቃብር ቆፋሪ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከቦት ጫማው ጭቃ በእንጨት ይፍቃል።

አዴሊኖ አጠገቡ ደረሰና ቆመ። መጠየቅ ፈራ።

“ማንን ፈልገህ ነው?” አለ ሰውየው።

“እናቴን። የዘጠኝ ሰዓቷን።”

“ልጅ አላት እንዴ?” መፋቁን አላቆመም። “ጠበቅን እኮ፤ አፈሩን አስቀድሜ አንስቼ። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሩብ ሰዓት ቆመ። ሰው የላትም ክፈት አለኝ፤ ሣጥኑን ከፈትኩ።”

“የት አደረጋችኋት?”

“የት አደርጋታለሁ። እዚያው ናት።”

አዴሊኖ አልገባውም። ሽማግሌው ይህንን አይቶ እንጨቱን ጣለና ተነሳ።

“አልደረሰችም፣ ወንድሜ። እዚህ ጋ መሬቱ ሸክላ ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ሥጋ ቶሎ አይበላም። ያልደረሰ ሰው አይነሳም። መልሰህ ሸፍን፣ ሁለት ዓመት ጠብቅ ይላል ሕጉ። ሸፈንኳት።”

“ደርሳ ቢሆንስ?”

ሽማግሌው በአገጩ ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተ። እዚያ የብረት ክዳን ያለው ሰፊ የሲሚንቶ አፍ አለ። “ደርሳ ቢሆን አሁን ከነዚያ ጋ ነበረች። እዚያ ደግሞ ቁጥርም የለም።” ወደ አፈሩ ተመለከተ። “እምቢ ያለች ሴትዮ ናት።”

አዴሊኖ እንደ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ፤ ግን ሳቅ አልነበረም። አፈሩ አጠገብ ተቀመጠ። “ከቤቷም እንዲሁ ነበር እምቢ ያለችው።”

“ታዲያ ማን አስወጣት?”

“እኔ።”

ሽማግሌው አካፋውን ጋሪው ውስጥ አኖረ።

“ስትከፈት ማን ነበረ?” አለ አዴሊኖ፤ አንገቱን ሳያቀና።

“እኔና ያ ልጅ። ልጁ ዞር ብሎ ነበር።”

“ፊቷን…”

“እኔ ፊት አላይም። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እግር ነው የማየው። የሰው ፊት ለቤተሰቡ ነው።”

እህትማማቾቹ ደረሱ፤ ሄርሚኒያ እያለከለከች፣ ኪቴሪያ ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ። ኪቴሪያ አፈሩን አየች፣ አዴሊኖን አየች፣ መቃብር ቆፋሪውን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ሁሉም ገባት። ጎንበስ ብላ የወደቀችውን ቆርቆሮ አቃናችና በጫማዋ ተረከዝ መሬት ውስጥ ረገጠቻት። ከዚያ ከእጅጌዋ ነጭ መሐረብ አውጥታ ለአዴሊኖ ሰጠችው። ለዕንባው ይሁን ለሌላ አልነገረችውም። እጁ ውስጥ ጨብጦት ቀረ። እናቱ ከዚህ በታች፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ብርሃን አይታ ነበር። ከላይዋ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ቆመው ነበር። ይህን ሐሳብ ከራሱ ሊያወጣ ሞከረ፤ አልወጣለትም።

ጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ነው። ወጣቱ ጸሐፊ መዝገቡን ከፍቶ አዲሱን ቀን ጻፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ። “ደብዳቤ ይላክልዎታል” አለ። “አድራሻው ያው ነው? የምንጯ ቅያስ፣ ቁጥር ዘጠኝ?”

“አዎ” አለ አዴሊኖ።

ከኋላው ዶና ሄርሚኒያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አዴሊኖ መዝገቡን አየ። ያች መስመር እናቱ የአልፋማ ሴት ሆና የቀረችባት የመጨረሻዋ ወረቀት ናት። ሌላው ሁሉ ተቀድዷል፣ ተሸጧል፣ ቀለም ተቀብቶበታል። “አይደለም” አለ በመጨረሻ። እስክሪብቶውን ከጸሐፊው ተቀብሎ ራሱ ሰረዘው። የወንዝ ማዶውን ጻፈ፤ ሕንጻውን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ጽሑፉ ተጣመመበት። እናቱ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ስትፈርምም ፊርማዋ እንደዚሁ ተጣሞ ነበር፤ እሱ ግን አርጅታ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

ሲወጡ ከበሩ ውጭ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። አዴሊኖ በቀን ሁለቴ የሚያልፍበት ሰሌዳ። አሁን ቆሞ አየው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ወር ሙሉ ፀሐይ የመታው ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከላይ አምስተኛው መስመር ላይ ፊሎሜና ትሪንዳዴ ይላል። ሠላሳ ቀን በሙሉ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከስሟ ፊት አማትቦ አልፏል። ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ።

ጣቱ ሳያዘው ዝርዝሩን ወረደ። ስሞቹን ያውቃቸዋል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ። ጥርስ የሌለው ዓሣ አጥማጅ። ከታች በኩል ኤቴልቪና፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አድራሻ፦ አረንጓዴው በር ያለበት ቤት።

ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

“እንዴት ነው፣ ግድግዳው ነከሰህ?” አለ ቫልዴማር።

“የኤቴልቪና ልጅ የት ነው የገባው?”

“የአረቄዋ ኤቴልቪና? ምነው፣ ዛሬም አሟት ነው?”

“ሞታለች፣ ቫልዴማር።”

“ከሞተች አራት ዓመቷ ነው! አላምን ብለህ በየቀኑ ይማራት የምታስብላት አንተ ነህ እንጂ።”

“ዓርብ ትነሳለች። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ነው የሄደው። ልጇ አያውቅም።”

ቫልዴማር መልሶ ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር። “ማን ያውቃል የት እንዳለ። ሰው ተበትኗል እኮ። አንዱ ሰሜን ዳር ነው ይላል፣ አንዱ ፈረንሳይ።”

“ጠይቅ። ጀልባው ላይ ጠይቅ። እኔም እጠይቃለሁ።”

ስልኩን ሲዘጋ ዶና ሄርሚኒያ መነጽሯን አድርጋ፣ ከኤንቨሎፖቹ የአንዱን ጀርባ እንደ ማስታወሻ ይዛ ቆማለች። “ስሙን ንገረኝ። ሙሉ ስሙን፣ ከነአያቱ። ደብዳቤዋ ያን ቤት ደረጃ ሥር ወድቃ ከሆነ ሄደን እናወጣታለን። ደግሞ በየበሩ እናንኳኳለን፤ አንድ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም።”

“ምሽጉን አላያችሁም” አለ አዴሊኖ። “ጉብኝታችሁ…”

“ምሽጉ የትም አይሄድ” አለች ኪቴሪያ፣ ባጃጁ ላይ እየወጣች።

ቢጫዋ መብራት እንደበራች ቁልቁለቱን ጀመሩ። ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ እጁ በልማድ መሪውን ሊጠመዝዝ ከጀለ፤ ያዘው። ባጃጁን ወደ ምንጯ ቅያስ አስገባ። የወረቀት ጌጡ ከላያቸው ይንሿሿል። በሮቹን በስፖኪዮውና በዓይኑ ቆጠረ፤ የቁልፍ ሣጥን ያለባቸውን እየተወ። ምንጩ ጋ እስኪደርስ ድረስ፣ ቢያንኳኩ ሰው የሚከፍትባቸው ሦስት ብቻ አገኘ።